ራስን ፎቶ ማንሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአማርኛ አንዱ ፎቶ «አንሺ»፣ ሌላው ፎቶ «ተነሺ» ይባላል። ሰው ካሜራውን ወደ ራሱ ሲያዞር ሁለቱም ስሞች በአንድ ሰው ላይ ያርፋሉ፤ «እንዴት ልታይ?» የሚለውን የሚወስነውም የሚታየው ሰው ራሱ ይሆናል። የራስ ፎቶግራፍ ስለ ማንነትና ስለ ኅብረተሰብ ለመጠየቅ የሚመች የጥበብ ዘርፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ እርሱ ከሚነገሩት ስሕተቶችም ብዙዎቹ የሚመነጩት ይህን ካለማስተዋል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከስልክና ከሰልፊ ጋር የመጣ ነገር ነው»

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ ሮበርት ኮርኔሊየስ የተባለ ወጣት ከቤተሰቡ ሱቅ ጀርባ ካሜራ አቁሞ፣ የሌንሱን ክዳን ካነሳ በኋላ ፈጥኖ ከፊቱ በመቆም የራሱን ምስል አስቀርቷል። ይህ ምስል ዛሬም በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ይሁንና ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1840፣ የተነሳው የፈረንሳዊው ኢፖሊት ባያር ፎቶ ነው። ባያር በወረቀት ላይ ምስል የሚያስቀር የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ሆኖም መንግሥት ክብሩንና የዕድሜ ልክ አበሉን ለተቀናቃኙ ለዳጌር ሲሰጥ እርሱን ችላ አለው። ባያርም ግማሽ አካሉን ራቁቱን አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ የሞተ ሰው በመምሰል ራሱን ፎቶ አነሳ፤ በጀርባውም መንግሥት ለዳጌር አብዝቶ ሲሰጥ ለባያር አንዳች እንዳላደረገለት፣ ምስኪኑም ራሱን ውኃ ውስጥ እንደጣለ ጻፈ። ፊቱና እጆቹ በምስሉ ላይ ጠቆር ብለው መታየታቸውን እንኳ የመበስበስ ምልክት ነው ብሎ ቀለደበት። ስለዚህ ፎቶግራፍ ገና ዓመት ከምናምን ሳይሞላው የራስ ምስል በመንግሥት ላይ የቀረበ አቤቱታ ሆኖ ነበር፤ ለዚያውም በድራማ መልክ።

«ታይታ ነው፤ ራሱን የሚወድ ሰው ሥራ ነው»

በእኛ ዘንድ በብዛት የሚሰማው ይህ ነው። ይሉኝታን አጥብቆ በሚያከብር ባህል ውስጥ ራሱን ደጋግሞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ባለጉራ ተብሎ ቢጠረጠር አይገርምም፤ እኔም ሁሉም የራስ ፎቶ ቁም ነገር አለው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን የሳሙኤል ፎሶን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ፍርድ ለመስጠት አይቸኩልም።

ፎሶ በ1962 በካሜሩን ተወልዶ በናይጄሪያ በአያቶቹ እጅ ያደገ የኢግቦ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ የአካል ሽባነት ስለነበረበት፣ ሌሎች ሕፃናት እንደ ልማዱ ፎቶ ሲነሱ እርሱ ሳይነሳ ቀረ። ከናይጄሪያው የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከቢያፍራ ጦርነት፣ ከተረፈ በኋላ አጎቱ ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ወደ ባንጊ ወሰደው፤ በዚያም ለጥቂት ወራት ሙያውን ከተማረ በኋላ በ1975፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ቀን የደንበኞቹን ፎቶ ሲያነሳ ይውልና ከጥቅሉ ፊልም የተረፉትን ጥቂት ክፈፎች ማታ ለራሱ ይጠቀምባቸው ነበር፤ ፊልሙ ሳያልቅ ቢታጠብ የተረፈው ይባክናል። የመጀመሪያ ዓላማውም ደኅንነቱን የሚያሳይ ምስል ናይጄሪያ ላሉት አያቱ መላክ ነበር። አዲስ አበባም ሆነ አስመራ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ከተቀባ ሸራ ፊት ቆሞ፣ «ደኅና ነኝ» ለማለት ፎቶውን ለሩቅ ዘመድ የላከ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ሕፃን ሳለ ምስል የተነፈገ ልጅ ምስሉን በገዛ እጁ መሥራቱን ታይታ ማለት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎቹ ደግሞ ከግል ጉዳይ በጣም የራቁ ናቸው። በ1997 ለፓሪሱ የታቲ መደብር በሠራው ተከታታይ ምስል ውስጥ በነብር ቆዳና በወርቅ ጌጥ አሸብርቆ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አፍሪካን ለቅኝ ገዥዎች የሸጠውን አለቃ ሆኖ ተቀምጧል። በ2008 «የአፍሪካ መናፍስት» በሚል ርእስ ባቀረበው ሥራ ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግን፣ አንጄላ ዴቪስን፣ ፓትሪስ ሉሙምባን፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴንም ሆኖ ቆሟል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ከሌላው የበለጠ ሊያስተውል የሚችለው ነገር አለ። ፎሶ የደገመው ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ዓለም የሚያውቃቸውን ፎቶዎቻቸውን ጭምር ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳና በገንዘብ ኖት ላይ ሆኖ ትውልድ ያየው ስለሆነ፣ ሌላ ሰው በዚያ አቋቋምና በዚያ ልብስ ሲታይ መልኩ ባይመሳሰልም ዓይን ወዲያውኑ ያውቀዋል። የሥልጣን ግርማ ከፊት ይልቅ በልብስና በአቀማመጥ ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሥራ አላየሁም።

«ካሜራ ስለማይዋሽ እውነተኛውን ማንነት ያሳያል»

ሰው ፊቱን የሚያውቀው ከመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ቀኝና ግራን ያገላብጣል። በ1977 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት እንዳሳየው ሰዎች የራሳቸውን የተገለበጠ ምስል ሲመርጡ፣ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን መርጠዋል፤ ሁሉም የወደደው የለመደውን ነው። «እኔ ይህን አልመስልም» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ከፊሉ ምክንያት ይኸው ነው።

አሜሪካዊቷ የፎቶ ባለሙያ ሲንዲ ሸርማን ከ1977 እስከ 1980 ባነሳቻቸው ወደ 70 በሚጠጉ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ላይ የምትታየው ራሷ ብቻ ናት፤ ነገር ግን አንዴ የቤት እመቤት፣ አንዴ ከተማ የደረሰች ኮረዳ፣ አንዴ የምታለቅስ ሴት ናት። ምስሎቹ ከፊልም የተቀነጨቡ ይመስላሉ፤ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ግን ከቶ የሉም። እርሷም ሥራዎቿ የራስ ምስሎች እንዳልሆኑ ደጋግማ ተናግራለች፤ ስለ ሲንዲ ሸርማን ግለ ታሪክ ፈልጎ የሚመጣ ሰውም ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚያገኘው ሲኒማ ለሴቶች አዘጋጅቶ ያቆያቸውን ጥቂት ሚናዎች ነው።

«ቁልፉን ራሱ ካልተጫነ የራሱ ሥራ አይባልም»

ጣሊያናዊቷ እመቤት የካስቲልዮኔ ካውንተስ ከ1856 ጀምሮ በፓሪስ ከ400 በላይ ፎቶዎች ተነስታለች። ካሜራው የፎቶ አንሺው የፒየር ልዊ ፒየርሶን ነበር፤ ልብሱን፣ አቀማመጡን፣ ትዕይንቱን የወሰነችው ግን እርሷ ናት። ሸርማንም አንዳንዶቹን ምስሎች በወዳጆቿ እጅ አስነስታለች።

«የግል ጉዳይ ነው፤ ስለ ኅብረተሰብ አይናገርም»

ደቡብ አፍሪካዊው የፎቶ ባለሙያ ዛኔሌ ሙሆሊ በ1972 በደርባን አጠገብ በኡምላዚ የተወለዱ ናቸው። «ሶምንያማ ንጎንያማ» በተባለው፣ በዙሉ ቋንቋ «ክብር ለጥቁሯ አንበሳ» እንደማለት በሆነው ተከታታይ ሥራቸው ላይ ቆዳቸው ከተፈጥሮው በጣም ጠቁሮ ይታያል። ብዙዎች ቀለም የተቀቡ ይመስላቸዋል፤ ጥቁረቱ ግን የመጣው በምስሉ ዝግጅት ጊዜ የብርሃንና የጨለማው ልዩነት ሆን ተብሎ እንዲጎላ ስለተደረገ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በጥቁር ሰዎች ላይ ለማላገጥ ፊታቸውን ጥቁር ይቀቡ ከነበሩት ነጮች በተቃራኒ እዚህ የጠቆረው የራስ ቆዳ ነው፣ የጠቆረውም በክብር ነው። ዘውዱና ጌጡ ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ናቸው።

ከእነዚህ ምስሎች አንዱ «ቤስተር» ይባላል፤ በእናታቸው ስም የተሰየመ ነው። ቤስተር ሙሆሊ በአፓርታይድ ዘመን በነጭ ቤተሰብ ቤት ለአሥርተ ዓመታት በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ሴት ነበሩ። ልጃቸው በምስሉ ላይ በጆሮና በጠጉር ላይ ደርድረው እንደ ጉትቻና እንደ ዘውድ ያደረጓቸው ነገሮች የልብስ ማስጫ መቆንጠጫዎች ናቸው።