ከአከራይ ጋር ተካስሶ መሸነፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ የዲፖዚት (ተከራይ ሲገባ ለአከራዩ የሚያስይዘው ገንዘብ)፣ የውዝፍ ኪራይ ወይም «ቤቴን አበላሽተሃል» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቋጨው ስሞል ክሌምስ በሚባለው ችሎት ነው። አነስ ያለ የገንዘብ ክርክር የሚታይበት፣ አብዛኛው ሰው ያለ ጠበቃ የሚቀርብበት ቦታ ነው። የተፈረደበት ሰው ታዲያ ምክር አያጣም፤ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ጠበቃ ይሆናል። ችግሩ ከሚባለው ብዙው ልክ አለመሆኑ ነው። ሕጉም ከስቴት ስቴት ይለያያል።

«የተሸነፈ ሁሉ ይግባኝ ማለት ይችላል»

አይችልም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በመዝገቡ ላይ ከሳሽ ነበራችሁ ወይስ ተከሳሽ የሚለው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ «ዲፖዚቴ ይመለስልኝ» ብሎ የከሰሰ ተከራይ ከተሸነፈ፣ በራሱ ክስ ላይ ይግባኝ የለውም። ወደዚህ ችሎት ሲመጣ ያንን መብት ትቶ ነው የመጣው። ክፈል የተባለ ተከሳሽ ግን ይግባኝ ማለት ይችላል። ቴክሳስ እና ሜሪላንድ ለሁለቱም ወገን ይፈቅዳሉ። ኒውዮርክ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ወረፋው ሲረዝም «ጉዳያችሁን በዳኛ ፈንታ አርቢትሬተር ይየው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አርቢትሬተር ማለት ዳኛ ሳይሆን ክርክሩን ሰምቶ የሚወስን ሰው ነው። እሺ ካላችሁ፣ እሱ በወሰነው ላይ ይግባኝ የለም።

«ተረጋግቼ አስብበታለሁ፣ ጊዜ አለ»

ካሊፎርኒያ እና ሜሪላንድ 30 ቀን ይሰጣሉ፣ ቴክሳስ 21 ቀን። ጉዳዩ ከቤት የማስወጣት ከሆነ ቴክሳስ ውስጥ ያለው 5 ቀን ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ውሳኔው በፖስታ ከመጣ ቀኑ የሚቆጠረው ከተላከበት ጀምሮ ነው፤ ፖስታውን ከከፈታችሁበት አይደለም። እንደ እኔ እምነት ሰው መብቱን የሚያጣው በመሸነፉ ሳይሆን ያንን ፖስታ መሳቢያ ውስጥ በመክተቱ ነው።

«ይግባኝ ላይ አዲስ ነገር ማቅረብ አይቻልም»

ካሊፎርኒያ እና ቴክሳስ ውስጥ፣ ሜሪላንድ ውስጥም እስከ 5,000 ዶላር ለሆነ ክርክር፣ ጉዳዩ እንደገና ከሀ ጀምሮ ይሰማል። ምስክር ይቀርባል፣ ፎቶ ይታያል፣ ጠበቃም ይዞ መቅረብ ይቻላል። ስለዚህ ለምን እንደተሸነፋችሁ በሐቀኝነት ማየት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የማስረጃ እጥረት ነው፦ ስትገቡ ያልተነሳ ፎቶ፣ ያልተቀመጠ ደረሰኝ፣ በአፍ ብቻ የቀረ ስምምነት። የአከራዩንም ወረቀት ፈትሹ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አከራይ ቤቱ በተለቀቀ በ21 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን መመለስ ወይም የቀነሰውን ዘርዝሮ መላክ አለበት። ለጥገናና ለጽዳት የቀነሰው ከ125 ዶላር ካለፈ ደረሰኝ ማያያዝም ግድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ጊዜው 45 ቀን ነው። ይህን ሳያደርግ ከሷችሁ ከሆነ፣ በይግባኙ ላይ የምትናገሩት ነገር አላችሁ። አዲስ የምታቀርቡት ከሌለ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ። ሁለተኛው ዳኛ ከመጀመሪያው የበለጠ ሊፈርድባችሁም ይችላል።

«አልቀረብኩም ነበር፣ አበቃ»

ላያበቃ ይችላል። በሌላችሁበት የተሰጠ ፍርድ እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል፤ በቂ ምክንያት ግን ይጠየቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዚህ 30 ቀን አለ። ተከሳሽ ሆናችሁ መጥሪያው በደንቡ ካልደረሳችሁ ደግሞ ፍርዱን ካወቃችሁበት 180 ቀን።

«ሌላ ፍርድ ቤት ሄጄ እከሳለሁ»

በዚያው ጉዳይ አይቻልም። ተፈርዶበታል።

«ዲፖዚቴን ከወር ኪራዬ ላይ እቀንሳለሁ»

ይሄኛው እጅግ አደገኛው ነው። ፍርድ ቤት አይገባህም ያለውን ገንዘብ ከኪራይ ላይ መቁረጥ፣ አከራዩ ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ከቤት እንዲያስወጣችሁ በር መክፈት ነው። ትናንት የገንዘብ ክርክር የነበረው ነገ የመጠለያ ጉዳይ ይሆናል።

«ካልከፈልኩ እታሰራለሁ» እና «ባልከፍል ምን ያመጣሉ?»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። በዚህ ዓይነት ዕዳ አይታሰርም። ግን ፍርድ ቤት «ቀርበህ ስለ ንብረትህ ተጠየቅ» ብሎ ሲያዝ መቅረት የእስር ማዘዣ ሊያስወጣ ይችላል። አከራዩ በፍርድ ቤት በኩል ደሞዛችሁን ሊያስቆርጥ ይችላል፤ የፌዴራል ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ዕዳ ከተጣራ ደሞዝ ከ25 በመቶ በላይ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። ባንክ ያለውን ገንዘብም ሊያሲዝ ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታና የአካል ጉዳት ድጎማ) ገንዘብ በአብዛኛው ከዚህ የተጠበቀ ነው። በአንዴ መክፈል ካቃታችሁ በየወሩ ልክፈል ብላችሁ ጠይቁ። ካሊፎርኒያ ለዚህ ቅጽ አላት። ከአከራዩ ጋር ቀጥታ ተነጋግሮ ቀንሶ መስማማትም ይቻላል፣ በጽሑፍ ከሆነ።

«ክሬዲቴ አለቀለት»

ከ2017 ጀምሮ ሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት ድርጅቶች (የሰውን የብድርና የዕዳ አከፋፈል ታሪክ የሚመዘግቡት) የፍትሐ ብሔር ፍርድን ሪፖርታቸው ላይ አያሰፍሩም። ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ከተላለፈ ግን ሊታይ ይችላል። የወደፊት ተከራዮችን የሚያጣሩ ድርጅቶችም የፍርድ ቤት መዝገብ ያያሉ። ስለዚህ ከፍላችሁ ስትጨርሱ አከራዩ ዕዳው መከፈሉን ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ጠይቁ፣ ኮፒውንም ያዙ። እምቢ ካለ የከፈላችሁበትን ቼክ ወይም ደረሰኝ ይዛችሁ መዝገብ ቤቱን አነጋግሩ።