የሐሞት ጠጠር ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?

«አልትራሳውንድ ላይ ጠጠር ታየብኝ፤ የግድ ቀዶ ሕክምና ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ይህችን ነጥብ ብቻ ላብራራ።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከጉበት ሥር ያለው የሐሞት ከረጢት ያጠራቅመዋል እንጂ አያመነጨውም። ቅባት ስንበላ ይኮማተርና ሐሞቱን ወደ አንጀት ይገፋል። ሕመሙ የሚነሣው በከረጢቱ ውስጥ የተፈጠረ ጠጠር መውጫውን ሲዘጋ ነው። አንዲት ሴት በፋሲካ ዶሮ ወጥ በልታ፣ ከቀኝ ጎድኗ ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻዋ የሚዘልቅ ጽኑ ሕመም ያዛትና ቆይቶ ለቀቃት እንበል። «ጨጓራዬ ነው» ማለቷ አይቀርም! ጠጠር ከተገኘባት ግን የተለመደው ሕክምና ከረጢቱን ማውጣት ነው። ጠጠሩ ብቻ ቢለቀም ሌላ ይፈጠራል። ያለ ከረጢቱም መኖር ይቻላል፤ ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈስሳል።

ሕመም ሳይኖር በአጋጣሚ የታየ ጠጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። እንደ ጠጠሩ መጠንና እንደ ከረጢቱ ግድግዳ ውሳኔው ሊለያይ ስለሚችል ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥተው «ጠጠሩ ወጣልኝ» የሚሉ አሉ፤ የሚያዩት ዘይቱ ራሱ አንጀት ውስጥ የሠራውን እንክብል ነው።

ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ከመጣ፣ ዐይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።