ጣቢያና ተርሚናል፦ ልዩነቱ ከሐዲዱ ነው

የባቡር ጣቢያ ባቡር ቆሞ ሰው የሚያሳፍርበትና የሚያወርድበት፣ ዕቃ የሚጭንበትና የሚያራግፍበት ቦታ ነው። ተርሚናልም ጣቢያ ነው፤ ነገር ግን ሐዲዱ እዚያው ያልቃል። ብዙ ሰው ልዩነቱን በሕንፃው ትልቅነት ይለካዋል። መታየት ያለበት ግን ሐዲዱ ነው፦ ባቡሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣ ከሆነ መተላለፊያ ጣቢያ፣ በገባበት የሚመለስ ከሆነ ተርሚናል ነው።

ለዚህ ከድሬዳዋ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ እዚያ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። ሐረርን መድረስ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አስቸጋሪ በመሆኑ ግን መስመሩ ቆላውን ይዞ አለፈ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ግንባታው ለዓመታት ተቋረጠ። ከተማዋን የወለዳት ይህ መቆም ነው። ሐዲዱ ስላለቀ ጭነቱ ሁሉ ከፉርጎ መውረድ ነበረበት፤ ወርዶም በግመልና በበቅሎ ወደ ሐረርና ወደ መሀል አገር ይጓዛል። ጫኝና አውራጅ፣ ነጋዴ፣ መጋዘን፣ የጥገና ወርክሾፕ በዙሪያው ተሰባሰበ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ድሬዳዋ ተርሚናል መሆኗ ቀረ። ሐዲዱ አልፏት ሄደ እንጂ እሷ አላነሰችም፤ ወርክሾፑም ሠራተኛውም እዚያው ቀሩ። መተላለፊያ ጣቢያ ከተርሚናል ያንሳል የሚሉ ይህን ያስቡ።

ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር የተጓዘው መስመር ያበቃው ለገሃር ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጣቢያው» ማለት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው ሕንፃ ግን በሥራው እውነተኛ ተርሚናል ነበር።

ሐዲድ የሚያልቅበት ቦታ የራሱ ችግር አለው። ባቡሩን እየጎተተ የገባው ሎኮሞቲቭ ከፊቱ መንገድ የለውም፣ ከኋላው ደግሞ ፉርጎዎቹ አሉ። ስለዚህ ተፈትቶ በጎን ሐዲድ ዞሮ በሌላኛው ጫፍ መቀጠል አለበት። በእንፋሎት ዘመን ፊቱን የሚያዞርበት መሣሪያም ያስፈልገው ነበር። ባቡር የሚያድርበት፣ የሚጸዳበትና የሚፈተሽበት ስፍራም ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። የሹፌር ክፍል በሁለቱም ጫፍ ስላለው አያት ወይም ቃሊቲ ሲደርስ ሹፌሩ ክፍል ቀይሮ ይመለሳል።

የሐዲድ መጨረሻና የጉዞ መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ለገሃር አይገባም። ሐዲዱ የሚነሳው ከሰበታ ነው፤ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ግን የሚሳፈረው ከፉሪ ለቡ ነው። ለመንገደኛው ፉሪ ለቡ የጉዞው መነሻና መድረሻ ነው፤ ለሐዲዱ ግን መተላለፊያ ጣቢያ ነው።