የኬፕ ሃተራስ የመብራት ማማ

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ወደ አትላንቲክ በዘለቀ ቀጭን የአሸዋ ደሴት ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ጥምዝ መስመር የተቀባ ማማ ቆሟል። ቁመቱ 60 ሜትር ያህል ነው። በአገሩ ካሉት የጡብ መብራት ማማዎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። (ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞቃቱ የገልፍ ስትሪም ጅረትና ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ ውኃ የሚገናኙት እዚህ አካባቢ ነው። ዳይመንድ ሾልስ የሚባለው የአሸዋ ክምር ደግሞ ከውኃው ሥር ተደብቋል። ስንቱን መርከብ በልቶ፣ ባሕሩ «የአትላንቲክ መቃብር» ተብሏል።

የመጀመሪያው ማማ በ1803 ሥራ ጀመረ። ብርሃኑ ደካማ ስለነበር መርከበኞች ሲያማርሩበት ኖሩ። የአሁኑ በዲሴምበር 1870 በራ።

የግንበኞቹ ብልሃት መሠረቱ ላይ ይታያል። አሸዋው ጠጥሮ ምሰሶ አላስገባ አላቸው። የሥራ ኃላፊው ዴክስተር ስቴትሰን ጉድጓድ አስቆፍሮ የጥድ ግንዶች አነጠፈ፤ በላዩ ግራናይት ደረደረበት። ግንዶቹ ጨው በሌለው የከርሰ ምድር ውኃ እስከተዘፈቁ ድረስ አይበሰብሱም። ያን ሁሉ ጡብ ከመቶ ዓመት በላይ ተሸክመዋል።

ጥምዙ መስመር የመጣው በ1873 ነው፤ መርከበኛ በቀን ማማዎቹን እንዳያምታታ። የአልማዝ ቅርጽ ያለበት ቀለም ለሃተራስ ታስቦ (ዳይመንድ ማለት አልማዝ ነውና) በስህተት ኬፕ ሉክአውት ለሚባለው ሌላ የመብራት ማማ ተቀባ የሚሉም አሉ፤ እሱ እንኳ ወሬ ይመስላል።

ዋናው ታሪክ ግን ጉዞው ነው። ማማው ሲሠራ ከባሕሩ 460 ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። ባሕሩ አሸዋውን እየበላ ሲቀርብ፣ በ1936 መብራቱ ወደ ብረት ማማ ተዛወረ፤ በ1950 ተመለሰ። በ1987 የቀረው 37 ሜትር ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ማማው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር አለ። ብዙ የአካባቢው ነዋሪዎች ይፈርሳል ብለው ተቃወሙ። ስጋታቸው የሚናቅ አልነበረም፤ ክብደቱ 4,800 ቶን ገደማ ነው።

መጀመሪያ የጠባቂዎቹ ቤቶች ተወሰዱ። ከዚያ ማማው ከመሠረቱ ተቆርጦ፣ በሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት በሚሠራ) ክሪክ ተነሥቶ፣ የብረት ሐዲድ ላይ ተቀመጠ። ገፊዎቹ ክሪኮች በአንድ ግፊት 1.5 ሜትር ያህል ያስኬዱታል፤ ከዚያ ተነቅለው ወደፊት እንደገና ይታሰራሉ። ከጁን 17 እስከ ጁላይ 9 ቀን 1999፣ በ23 ቀን 884 ሜትር ተጓዘ። ሳይሰነጠቅ ደረሰ። ድፍረትም ሙያም የታየበት ሥራ ነው። ቤቶቹና ማማው በአዲሱ ቦታም የቀድሞ አቀማመጣቸውን ይዘው ተተከሉ፤ መብራቱ ኖቬምበር 13 ቀን እንደገና በራ። ዛሬም በየ7.5 ሰከንዱ ብልጭ ይላል።