በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ

ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ ነው እንበል፤ ሜዳው መንዝ ወይም ተጉለት ነው። የጭሰኛው ልጅ ዱላውን ሰንዝሮ ሩሯን፣ የገና ጨዋታ ኳሷን፣ ሳታት፤ ያገኘው የባላባቱን ቅልጥም ነው። ባላባቱ ምን ይላል? ምንም። ተረቱ አስቀድሞ ፈርዶበታል፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። በጨዋታ መካከል ለሚያርፍ ምትም ሆነ ለሚወረወር ፌዝ ትልቅ ሰው ቂም አይይዝም፤ ሜዳ ሲገባ ማዕረጉን ዳር ላይ አስቀምጦ ነው። ዛሬም የመሥሪያ ቤት አለቃ በበታቾቹ ሲቀለድበት ወይም አማት በሠርግ ዘፈን ስትነካ፣ የጠቆረ ፊት ለማፍታታት ይጠቀሳል።

መነሻው ራሱ ጨዋታው ነው። እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል። ወቅቱም ያግዛል፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ እህሉ ታጭዶ ማሳው ለሩጫ ክፍት ሆኗል፤ የነቢያት ጾም ተፈትቶ ሥጋውና ጠላው ቀርቧል። ለተጫዋች ቁጥር ልክ የለውም፤ መንደር ከመንደር ይገጥማል። ሲመሽ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። ባላባቱ ዓመቱን ሙሉ ማንም ደፍሮ የማይነግረውን የሚሰማው ያኔ ነው፤ ንፉግነቱ፣ ቦርጩ፣ ፈረሱ ሳይቀር ቤት ይመታባቸዋል። ገባሩ ይህን በሌላ ቀን ቢል ጣጣው ብዙ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ባላባትና ጭሰኛ ቀሩ፤ ተረቱ ግን አልቀረም።

ገናን በብርድ የሚያከብሩ ሌሎች አገሮችም ለዕለቱ የራሳቸው ሕግ አላቸው። በብሪታንያ ሠራዊት በገና ምሳ ላይ መኮንኖች አጎንብሰው ተራ ወታደሮችን ይመግባሉ፤ ይህ የእኛን ተረት በደንብ የገባው ልማድ ነው። የፊንላንዷ ቱርኩ ግን ተቃራኒውን መርጣለች። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 24 ቀን፣ የካቴድራሉ ደወል እኩለ ቀንን ሲደውል፣ በአሮጌው አደባባይ ካለ ሰገነት የገና ሰላም አዋጅ ይነበባል፤ ልማዱ ከመካከለኛው ዘመን የወረደ ነው። አዋጁ ሕዝቡ በዓሉን በጸጥታ እንዲያከብር ያሳስብና ሰላሙን የሚያውክ ከባድ ቅጣት እንደሚጠብቀው ያስጠነቅቃል። የመንዝ ጎረምሳ ዱላውን ይዞ እዚያ ቢገኝ ከእስር የሚያድነው ተረት የለም።

የጀርመኗ ድሬስደን ከ1434 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የፈረንሳይዋ ስትራስቡርግም ከ1570 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገና ገበያቸው ይታወቃሉ። የነዚህን ከተሞች ፎቶግራፍ አይቶ ብርዱን መመኘት ለደብረ ብርሃን ሰው አያምርበትም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ፣ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ እያየ፣ በፕላስቲክ ዛፍ ላይ ጥጥ በትኖ በረዶ ነው ማለት ትርፍ ድካም ነው።

ወደ ተረቱ ስንመለስ፣ አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፈቃዱ ለጨዋታው ሜዳና ለዕለቱ ብቻ ነው። በሰኔ፣ በስብሰባ መካከል ሰው አዋርዶ «በገና ጨዋታ…» የሚል ሰው ተረቱን መሸሸጊያ አድርጎታል። የሚያምረውም በሦስተኛ ሰው አፍ ነው፤ የተሰደበውን ለማብረድ ከጎን የተቀመጠ ሽማግሌ ጣል ሲያደርገው ይሠራል። ተሳዳቢው ራሱ ሲለው ግን ሁለተኛ ስድብ ይሆናል።