የእግረኛ ማቋረጫ ቁልፍ፦ ይሠራል ወይስ ለይስሙላ ነው?

በትራፊክ መብራት ምሰሶ ላይ፣ ከወገብ ትንሽ ከፍ ብላ የተገጠመች ሳጥን አለች። ሳጥኗ ላይ ቁልፍ አለ። እግረኛው ይጫነዋል፣ ቀና ብሎ ቀዩን ሰው ያያል፣ ምንም የለም። ደግሞ ይጫናል። ሁለተኛ ሰው ይደርስና፣ የመጀመሪያው ሲጫን እያየ፣ እሱም የራሱን ይጫናል። መብራቱ ሲለወጥ ሁለቱም ሥራው የእነሱ ይመስላቸዋል።

ይሠራል ወይ ለሚለው አንድ መልስ የለም። እንደ መንገዱ ይለያያል። ያው አንዱ ቁልፍ ሌሊት ሠርቶ ቀን ላይሠራም ይችላል።

ቁልፉ እንደ ቤት ማብሪያና ማጥፊያ አይደለም። ሲጫኑት መብራቱን አይቀይርም፤ ጥያቄ ነው የሚያስመዘግበው። ምልክቱ በሽቦ ተጉዞ መንገድ ዳር ወደቆመው የመቆጣጠሪያ ካቢኔት ይሄዳል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር «የሚሻገር ሰው አለ» ብሎ ይይዛል። አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ቢደበድቡት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ወረፋው አይቀደምም። አንዳንድ ሳጥኖች ሲጫኗቸው «ጠብቅ» የሚል ጽሑፍ ወይም ትንሽ መብራት የሚያበሩት ለዚሁ ነው። ሰምቻለሁ፣ ይበቃል ማለታቸው ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን የሚወስነው የመብራቱ ፕሮግራም ነው። አንዳንዱ በቋሚ ሰዓት ይሄዳል። ለምሳሌ በየ90 ሴኮንዱ አንድ ዙር ይጨርሳል፣ በየዙሩም የእግረኛውን ድርሻ ይሰጣል፤ ተጫነ አልተጫነ ግድ የለውም። ሰው በሚተራመስበት የከተማ መሃል ይህ የተለመደ ነው። ሁልጊዜ የሚሻገር ሰው ካለ መጠየቁ ምን ያደርጋል? እንዲህ ባለ ቦታ ቁልፉ ለይስሙላ ነው።

ሌላው ዓይነት ሲጠሩት ብቻ የሚመጣ ነው። ዋናው መንገድ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ከጎን መንገድ መኪና ሲመጣ አስፋልቱ ሥር የተቀበረ የሽቦ ቀለበት ብረቱን ያውቀዋል። እግረኛን ግን አያውቀውም። ቁልፉን ካልተጫነ ለመብራቱ የለም ማለት ነው። መኪና መጥቶ መብራቱ ቢቀየርም እንኳ የሚሰጠው ጊዜ ለመኪና የተለካ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሶች የእግረኛን ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር አድርገው ያሰላሉ። 18 ሜትር መንገድ ለመሻገር ቢያንስ 15 ሴኮንድ ያስፈልጋል። ለሁለት መኪና ግን 6 ወይም 7 ሴኮንድ ይበቃል። እዚህ ላይ ቁልፉ የሚያመጣው አረንጓዴውን ብቻ አይደለም፤ ጊዜውንም ያረዝመዋል።

ሰውን ቁልፉን እንዲጠራጠር የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው። የእግረኛው ተራ ሊገባ ሲል ወይም ገና እንደገባ የተጫነ ሰው ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል። ሙሉ ዙር ይጠብቃል። ቁልፉ ሠርቷል፤ ሰውየው ነው አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ የደረሰው።

ከመስቀለኛ መንገድ ርቀው ብቻቸውን የቆሙ ማቋረጫዎች ላይ ጥርጣሬው ይቀንሳል። እዚያ መብራቱ ራሱ የተተከለው ለእግረኛ ስለሆነ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የእውነት ነው። ብሪታንያ ይህን ዓይነት «ፔሊካን» የሚባል ማቋረጫ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በኋላ የመጣው «ፓፊን» ደግሞ ሴንሰር አለው። ተጭኖ ትዕግሥቱ አልቆ በቀይ የሮጠ ሰው ካለ፣ ሄዷል ብሎ ጥያቄውን ይሰርዘዋል። መኪኖች ለማንም አይቆሙም።

በይስሙላ ቁልፍ ስሟ የሚነሳው ኒው ዮርክ ናት። መብራቶቿ በኮምፒውተር መመራት ሲጀምሩ አብዛኞቹ ቁልፎች ከሥራ ወጡ፤ ሳጥኖቹ ግን እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ዘገባ ከተማዋ ከነበሯት 3,250 ቁልፎች ከ2,500 በላይ የሚሆኑት አይሠሩም ነበር። ለምን አልተነቀሉም? ለመንቀል ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር። ሰዉ ግን መጫኑን አልተወም።

ለምን እንዳልተወ ሥነ ልቦና መልስ አለው። ተመራማሪዋ ኤለን ላንገር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች በዕድል ብቻ በሚወሰን ነገር ላይ ሥልጣን ያላቸው እንደሚመስላቸው አሳይታለች። የ1 ዶላር ሎተሪ ራሳቸው የመረጡ ሰዎች መልሰው ለመሸጥ በአማካይ 8.67 ዶላር ጠየቁ። ዝም ብሎ የተሰጣቸው ደግሞ 1.96። የእግረኛ ቁልፍ ይህን ስሜት ያጠናክራል፣ ምክንያቱም መብራቱ ዞሮ ዞሮ አረንጓዴ መሆኑ አይቀርም። በተጫንን ቁጥር «ሠራ!» እንላለን። በግሌ ይህ ማታለል ብዙ አያናድደኝም። ተራዬን ጠይቄያለሁ የሚል ሰው በመኪና መሃል ከመሮጥ ቆሞ ቢጠብቅ ይሻላል።

ቁልፉ ለአረንጓዴው ባይጠቅም እንኳ ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ተጭነው ሲይዙት ለዓይነ ስውራን ድምፅ ይጨምራል። ሲንጋፖር ውስጥ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ካርዳቸውን ሳጥኑ ላይ ሲያስነኩ ከ3 እስከ 13 ሴኮንድ ተጨማሪ ጊዜ ያገኛሉ።

ብዙ የብሪታንያ ሳጥኖች ደግሞ ከሥራቸው፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ጎርባጣ ሾጣጣ ነገር አለቻቸው። የማያይ ሰው እጁን ከሥር ሰዶ ይይዛታል። ቀይ እስከሆነ ድረስ አትንቀሳቀስም። አረንጓዴው ሲበራ ጣቱ ሥር መሽከርከር ትጀምራለች። ከላይ ቁልፉን እየደበደበ የሚጠብቀው ጎረቤቱ መኖሯንም አያውቅም።