የተተከለ ኩላሊት ዕድሜ የልጁ ዕድሜ አይደለም

ከደሴም ሆነ ከወልዲያ ልጃቸውን ለሕክምና አዲስ አበባ የሚወስዱ ወላጆች «የተተከለው ኩላሊት ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊያገለግል ይችላል» ሲባሉ የልጃቸው ዕድሜ የተቆረጠ ይመስላቸዋል። ፈጽሞ አይደለም! የተነገራቸው የኩላሊቱ የአገልግሎት ዘመን ነው፤ እሱም ግምት ነው። ከ20 ዓመት በላይ የሚሠራም አለ። ሲደክም ልጁ ወደ ኩላሊት እጥበት ይገባል፣ ወይም ሁለተኛ ንቅለ ተከላ ይደረግለታል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጉርምስናው ዘመን ነው። ልጁ ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ሲዘል፣ ምንም ሕመም ሳይሰማው ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይችላል። መድኃኒቱ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ በየቀኑ፣ በሰዓቱ ይወሰዳል፤ ልጁ ለትምህርት ከኮምቦልቻ ርቆ ቢሄድም፣ የሚያስታውሰው እናት አባት አጠገቡ ባይኖርም።